ዓይን በላው

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ያሉ አባቶቻችን አይፈረድባቸውም፤ ስልክ አልነበራቸውም። ዛሬ ከጎንደር ፒያሳ ቁልቁል የሚወርደውን ጎረምሳ ቢያዩት ተረቱን አፍረው በሰረዙት ነበር። አንድ እግሩ ኮብልስቶን ላይ፣ አንድ እግሩ ክዳን የሌለው ቱቦ አፋፍ ላይ፣ ልቡ ቲክቶክ ላይ። ሁለት እግር፣ ሦስት ዛፍ!

የባጃጅ ሾፌራችንማ ከዚህም ይራቀቃል። ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል ሰክቶ፣ አንገቱ እንደተጠመዘዘ ዶሮ አዘንብሎ ወደ ማራኪ ይከንፋል፤ እግረ መንገዱን ሒሳብ ተቀብሎ መልስ ይሰጣል። የትራፊክ ደንቡ እያሽከረከሩ በእጅ ስልክ ማውራትን የከለከለው፣ ያረቀቁት ሰዎች ትከሻ እንዳለን ረስተው መሆን አለበት። የዓለም ጤና ድርጅትም እየነዳ በስልክ የሚያወራ ሾፌር አደጋ የሚደርስበት ዕድል ከማያወራው አራት እጥፍ ገደማ ነው ይላል። አራት እጥፍ! በዚህ የኑሮ ውድነት አራት እጥፍ የሚያስገኝ ሌላ ምን ሥራ አለ? በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ፣ ሾፌሩ «የት ነህ?» የሚል መልእክት ለማንበብ 3 ሰከንድ ቢያቀረቅር፣ 33 ሜትር በጭፍን ይነዳል። በቅዳሜ ገበያ 33 ሜትር ውስጥ ስንት አህያ፣ ስንት ቅርጫት እንቁላል፣ ስንት የሰው ልጅ እንዳለ ደግሞ ኋላ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ይቆጥረዋል።

ቤት ውስጥም ጥበቡ አልጎደለም። ሽንኩርት እየከተፍን ተከታታይ ድራማ እናያለን። ሽንኩርቱ ያስለቅሳል፣ ድራማው ያስለቅሳል፤ ቢላዋው ጣት ሲያገኝ እንባው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

ወደ ሰሜን ወጣ ሲሉ ነገሩ ይከብዳል። ጣልያን በወረራው ዘመን የሊማሊሞን መንገድ እንደ እባብ ጠምዝዞታል፤ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርድ ሾፌር በየኩርባው መንገዱን ማየት ነበረበት። የእኛ ሾፌር ግን በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ገደሉን ይቀርጻል፤ ገደሉም በትዕግሥት ይጠብቀዋል። እዚያው ስሜን ተራሮች ላይ ያለው ጭላዳ ዝንጀሮ ግን እስካሁን አልሠለጠነም። ሣር ሲነጭ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል፤ ሲመሽ ለማደር ወደ ገደሉ ሲወርድ ገደሉን ብቻ ይይዛል። ባንድ ጊዜ አንድ ሥራ! እንዲህ ያለ ፍጡር የት ይደርሳል? በሰላም ማደሪያው ከመድረስ በቀር።

ጎንደር ደግሞ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶባት፣ በሽታን ሳይመጣ መከላከልን ለአገር ስታስተምር የኖረች ናት። ለብዙ ደዌ ክትባት ተገኝቷል። የመሰናከል ክትባት አንገትን ቀና ማድረግ ነው፤ ነፃ ስለሆነ ግን የሚወስደው የለም።

ሌላውን ብቻ እንዳላማ፣ እኔም ባለፈው ክረምት መልእክት እየጻፍሁ ስወርድ አንሸራተተኝና ወደቅሁ። «እኔን!» አሉ ጥግ ላይ ቆሎ የሚሸጡ እናት። እኔ ደግሞ «ስልኬን!» አልሁ። የእጄ አንጓ መዞሩን ያወቅሁት ስክሪኑን ሁለት ጊዜ አገላብጬ ደኅንነቱን ካረጋገጥሁ በኋላ ነው።

ወጌሻው ሲያሹኝ ኪሳቸው ውስጥ ስልክ ሦስት ጊዜ ጠራ። ዝም አሉት።

«አያነሡትም እንዴ፣ አባባ?»

«እጅህን ይዣለሁ» አሉኝ።

ኋላ ቀርነታቸው አሳዘነኝ፤ እጄ ግን ወደ ቦታው ተመለሰ።

ማታ ጎረቤቱ ሊጠይቀኝ ተሰብስቦ «ዓይን በልቶት ነው» ተባባለ። አልተሳሳቱም። የማን ዓይን እንደሆነ ብቻ አልጠየቁኝም።