ከተዋሽ ስለ መጠበቅ፦ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ለአይከል አንባቢ ያለው ግላዊ ጥቅም

የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ የሚባለው ብዙ መጻሕፍትን በሆዱ ይዞ በመስተዋቱ ላይ አንድ ገጽ ብቻ የሚያሳይ መሣሪያ ሲሆን፣ ከዓይነቶቹ ስመ ጥር የሆነው የአማዞን ኩባንያው ኪንድል ለገበያ የቀረበው ኢትዮጵያ ሚሊኒየሟን ባከበረችበት በ2000 ዓ.ም.፣ በኅዳር ወር ነው። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በጭልጋዋ አይከል ግን የዚህን መሣሪያ ሥራ የሚሠራው የእጅ ስልክ ነው፤ መጽሐፉ ፒዲኤፍ፣ መጽሐፍ መደብሩም ቴሌግራም ይባላል። ይህ ጥናት ሁለቱን ሳይለይ የሚመረምረው ለንባብ እኩል ስለሚያገለግሉ ሳይሆን፣ ከንባብ ውጭ የሚሰጡት ጥቅም አንድ ስለሆነ ነው።

ከክብደት መጀመር ይገባል። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናትና ከሌላም ስፍራ ሰብስበው መቅደላ ያከማቿቸው የብራና መጻሕፍት ወደ 1,000 ይጠጉ እንደነበር፣ በ1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዝ ጦር እጅ ሲወድቅም ምርኮውን ወደ ደላንታ ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። የመጀመሪያው ኪንድል 200 ያህል መጻሕፍት ይይዝ ስለነበር፣ ያ ሁሉ ብራና በአምስት ኪንድል፣ ማለትም ከአንድ ኪሎ ተኩል በማይበልጥ ሸክም፣ በአንድ ወታደር አገልግል ይጠቃለል ነበር። ጥቅሙ የባለቤቱ ይሁን የማራኪው ግን ገና አልተለየም።

ከጽሑፍ ጥራት አንፃር ሲታይ፣ ብዙው ፒዲኤፍ ከታተመ መጽሐፍ ላይ በስልክ ካሜራ ገጽ በገጽ የተነሣ በመሆኑ፣ በየገጹ ጥግ መጽሐፉን ገልጦ የያዘው ሰው አውራ ጣት ከነጥፍሩ ይታያል። የብራና ጸሐፊ በመጽሐፉ መጨረሻ ስሙን ጠቅሶ አንባቢው እንዲጸልይለት ይማጸን ነበር፤ የዛሬው ገልባጭ ግን ጣቱን ትቶ ስሙን ይሰውራል፤ ይህም ከትሕትናው ወይም ከቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የመጣ ሊሆን ይችላል። ጣቱ የመስመሩን የመጨረሻ ቃል በሸፈነ ጊዜ አንባቢው ጎደሎውን ከራሱ ስለሚሞላ፣ በታተመው መጽሐፍ የማይገኝ የደራሲነት ልምምድ ያገኛል። ስልክ የመጽሐፍ ሽፋን ስለሌለውም፣ አንገቱን ደፍቶ ዳዊት የሚደግመውና የፍቅር ልብ ወለድ የሚያነበው በመልክ አይለዩም፤ ብዙ ትዳር በዚህ ሳይተርፍ አልቀረም።

ዋናው ጥቅም ግን ከተዋሽ መጠበቁ ነው። ተዋሽ ማለት ለቡና መጥቶ ዓይኑ መደርደሪያው ላይ የሚያርፍ፣ «ሁለት ቀን ብቻ ልየውና እመልሳለሁ» ብሎ ከ500 ገጽ በላይ ያለውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በብብቱ ይዞ የሚወጣ ወዳጅ ነው። ባለቤቱ ከወር በኋላ መንገድ ላይ ቢያገኘው ጤናውን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ የዘንድሮውን አዝመራ ጠይቆ መጽሐፉ ጋ ሲደርስ ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ደፍሮ ቢጠይቅም መጽሐፉ የተዋሹ አማች ዘንድ መሆኑን ይሰማል፤ አማቹን ደግሞ አያውቀውም። ፒዲኤፍ ይህን ነገር ከሥሩ ይነቅለዋል፤ መደርደሪያ ስለሌለ ዓይን የሚያርፍበት የለም፤ «አውሰኝ» የነበረው «ላክልኝ» ስለሆነም ባለቤቱ ሰጥቶ ሳያጣ ይቀራል፤ ኢንተርኔት ቢጠፋ እንኳ ሁለቱ ስልኮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ዜንደር በተባለው የፋይል መላላኪያ መተግበሪያ ይጨርሱታል።

ይሁን እንጂ አንዳንድ ተዋሽ ስልኩ ሞልቶ ፋይሉን አልቀበልም ይለዋል፤ ፎቶ እንዲያጠፋ ቢመከር የልጁን የክርስትና ፎቶ አላጠፋም ይላል። ያን ጊዜ የባለቤቱን ስልክ ራሱን፣ «ሁለት ቀን ብቻ» ብሎ፣ ከነቻርጀሩ ይዋሳል።