የቤት ጨዋታ

ይህ ጽሑፍ ስለ ኳስ ነው። ስለ ሌላ ነገር የመሰለው አንባቢ ካለ ደንቡን አያውቅም ማለት ነውና መጀመሪያ ሄዶ ይማር።

አገሩ ቋሪት፣ ከተማዋ ገበዘ ማርያም ናት። ደጋ ነው፤ ድንችና ገብስ ያበቅላል። ግሽ ዓባይ በጎረቤት ወረዳ በሰከላ ነው። ዋሸራና ጎንጅም የዚሁ የጎጃም ምድር የቅኔ ቤቶች ናቸውና እዚህ አካባቢ አንድ ሰው «ዛሬ ዳመነ» ሲል ሰሚው ቀና ብሎ ሰማዩን አያይም፤ ወደ ጎንና ጎኑ ነው የሚያየው።

ኳስ ከሚታይባቸው የከተማዋ ዲኤስቲቪ ቤቶች በአንዱ፣ ባለቤቷ በሩ ላይ «ፖለቲካ ማውራት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጥፋለች። ትእዛዙን የጣሰ ሰው አላጋጠማትም። ሁሉም ስለ ኳስ ነው የሚያወራ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ታስነሳለች፤ ቤንዚን በሃይላንድ ተሞልቶ ከቡሬ በኩል ይመጣል፤ ዋጋውን የሚተምነውም አምጪው ነው። ስለዚህ ጨዋታው ዘጠና ደቂቃ ቢሆንም ቤንዚኑ ሰባ ላይ ሊያልቅ ይችላል። የቀረውን ሃያ ደቂቃ ተመልካቹ ራሱ በአፉ ይጫወተዋል። የከተማዋ ጥሩ ጥሩ ጨዋታ ሁሉ የተካሄደው በዚህ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ነው።

ዘወትር የሚመጡት ብዙ አይደሉም። አንድ ባለባጃጅ አለ፣ ማንቼ ነው። አንድ መምህር አለ፣ አርሴ ነው፤ ደመወዙ ለዕረፍት ወጥቶ ሁለተኛውን አጋማሽ ሳይጀምር የቀረበት። አንድ ድንች ገበሬ አለ፣ ክለብ የለውም፤ የተሸነፈውን ነው የሚደግፍ። ከዓባይ ማዶ የመጣ አንድ ዝምተኛ ሰውዬም አለ። ከሁሉ በላይ ግን የኔታ አሉ። የኔታ «ለቡናው ነው የመጣሁ» ብለው ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው ይቀመጣሉ። ወጣቶቹ ጎል ባስቆጠረ ልጅ ሲያብዱ ሰምተው፣ «እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ሳስቆጥር አንድም ሰው አላጨበጨበልኝ» ብለዋል አሉ።

ወሬው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከወንበር ነው። ባለባጃጁ፣ «ፈርጉሰን ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጦ 13 የሊግ ዋንጫ በላ» አለ።

«በላ?» አሉ የኔታ ሳይዞሩ። «ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጦማ ካልበላ መቼ ሊበላ ነው።»

«ዋንጫ እኮ ነው የበላ፣ የኔታ!»

«እሱን ተወው። ዋንጫስ እኛም ቤት ሞልቷል፤ የጠፋው የሚቀዳበት ነው።»

ፈርጉሰን በግንቦት 2005 ሲለቅ ተተኪውን ራሱ መርጦ ሰጠ። ዴቪድ ሞዬስ የስድስት ዓመት ውል ይዞ ገባ፤ ዓመት ሳይሞላው በሚያዝያ 2006 ተባረረ። መምህሩ፣ «ደጋፊው ሲሾምም አልተጠየቀ፣ ሲሻርም አልተጠየቀ» ሲል ባለባጃጁ ሳቀበት። «የእናንተውስ ቬንገር ወደ 22 ዓመት ሲቀመጥ ተጠይቃችሁ ነበር?»

«ቢያንስ ራሱ ለቀቀ። ሚያዝያ 2010።»

«2010 እኮ የመልቀቂያ ዓመት ነበር» አለ ገበሬው። «ሚያዝያ ላይ አንዱ፣ የካቲት ላይ አንዱ።»

«የየካቲቱ የየትኛው ክለብ አሰልጣኝ ነበር?»

«ረሳሁት። ተቀያሪ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ስለመጣው አዲስ አሰልጣኝ የተባለውን ሁሉ አልጽፍም። መምህሩ ግን ያን ሰሞን ፎቶው ያለበትን ካናቴራ ገዝቶ ለብሶ እንደጨፈረ አልካደም። ካናቴራው አሁን የት እንዳለ ሲጠየቅ፣ «እናቴ ምጣድ ታሰስበታለች» አለ።

በ2017 የውድድር ዓመት ማንችስተር ዩናይትድ የደረሰበት ነገር ግን በዝርዝር መነገር አለበት፤ ምክንያቱም በዚያ ቤት ያለ ሰው ሁሉ እንደ ዘመድ ወሬ ነው የተከታተለው። ክለቡ ዕዳ አለበት። ከሥራ የሚቀነሰው ሠራተኛ በ2016 ክረምት 250 ያህል ተባለ፤ በ2017 ደግሞ እስከ 200 ተጨመረበት። ለሠራተኛው በነፃ ይቀርብ የነበረው ምሳ ቀርቶ በፍራፍሬ ተተካ። ገና ያልተሸጠው የመግቢያ ትኬት በዓመቱ መካከል ለልጅም ለሽማግሌም ሳይለይ 66 ፓውንድ ሆነ። ቡድኑ በሊጉ 15ኛ ወጣ። ይህ ሁሉ እየሆነ ሳለ፣ በመጋቢት ወር፣ ባለሀብቶቹ አንድ ያማረ ሥዕል ይዘው ብቅ አሉ፤ 100 ሺህ ሰው የሚይዝ፣ ሁለት ቢሊዮን ፓውንድ ያህል የሚፈጅ፣ በሦስት ረጃጅም ምሰሶዎች ላይ ድንኳን የተዘረጋበት አዲስ ስታዲየም።

ሥዕሉ በስልክ እየዞረ ታየ። መብራቱ፣ አደባባዩ፣ ከሥሩ የሚንሸራሸረው ሰው ሁሉ ያምራል። ሥዕል ላይ የሚንሸራሸር ሰው ራበኝ አይልም።

«ይሄ ድንኳን» አለ መምህሩ፣ «የሰርግ ነው የለቅሶ?»

«እንደ ውጤቱ ነው» አለ ባለባጃጁ፤ ከልቡ አዝኖ ነበር።

ገበሬው ግን የገረመው የምሳው ነገር ነው። «ምሳ ቀረ ብለው አለቀሱ? እኛ እኮ ምሳ የቀረብን ማንም ሳይሰርዝብን ነው።» ቀጥሎም ስለ ዝውውር መስኮት ጠየቀ። ክለብ ተጫዋች የሚያስመጣበት ጊዜ የተወሰነ መሆኑን፣ መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ የመጣ ተጫዋች እንደማይሰለፍ አስረዱት። «ገባኝ» አለ። «እንደኛ ማዳበሪያ ማለት ነው። በ2015 ክረምት የኔው አጥቂ ሲመጣ መሬቱ ጨዋታውን ጨርሶ ነበር።»

የኔታ ወደ ቴሌቪዥኑ የዞሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዳኛው ጨዋታውን አስቁሞ ወደ ሜዳው ጠርዝ ሲሮጥ፣ ቤቱ ጸጥ ሲልባቸው ዞሩ።

«ምን ሊያደርግ ነው የሚሮጥ?»

«የወሰነውን መልሶ በቴሌቪዥን ሊያየው ነው፣ የኔታ። ቫር ይባላል።»

«ተሳስቶ ከሆነስ?»

«ይሽረዋል።»

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት።»

«እንጀራውንስ ይበላል?»

«ይበላል።»

የኔታ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ወደዚህ የሚመጣ መቼ ነው?»

«ካሜራ ይፈልጋል እኮ፣ የኔታ» አለ መምህሩ።

«ካሜራማ አለ ይባላል። የዞረው ወደ ተመልካቹ ሆኖ ነው እንጂ።»

እንግዲህ ዳኛ ከተነሳ ባለባጃጁ ዝም አይልም። በዚያ አገር መንገድ ላይ የሚሠራ ሾፌር ስለ ጠለፋ ጉዳይ ከማንም በላይ ያውቃል። «አንድ ነገር አስረዱኝ» አለ። «እንግሊዝ አገር ሰው በሳጥኑ ውስጥ ከተጠለፈ ፍጹም ቅጣት ምት ያገኛል። ጠላፊው ነው የሚቀጣ። እኛ ዘንድ ተጠልፎ የወደቀው ራሱ፣ ቤተ ዘመዱም ጭምር፣ የሚከፍልበት ደንብ የየትኛው ፌዴሬሽን ነው?» መልስ አልነበረም። የኔታ ሲኒያቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሉ፦

ስንጠለፍ አይቶ ዳኛው ዝም ቢለን፣
ሰዓቱም አልቆ ሜዳ ላይ ቀረን።

ባለቤቷ በሩ ላይ ወደ ለጠፈችው ወረቀት ተመለከተች። የኳስ ግጥም ነው፤ ምን ትላለች?

ስለ ብሔራዊ ቡድኑ ሲነሳ ድምፅ ዝቅ ይላል። በ1954 የአፍሪካ ዋንጫን አዲስ አበባ ላይ ያነሳን ሰዎች ነን፤ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2፣ ያኔ የተባበረችው የዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን አሸንፈን። ይድነቃቸው ተሰማ አሠለጠነ፤ ዋንጫውን የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ አሥመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣሊያን ነበር። መምህሩ ይህን ሲናገር ገበሬው፣ «ታዲያ ከየት መጣህ ሳይባል ነው የተሰለፈ?» አለ። «የት ቦታ ትጫወታለህ ነበር የሚባል» አለ መምህሩ። በ2005 ደግሞ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። ያንኑ ዓመት ሰኔ ላይ፣ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ፣ ሁለት ቢጫ ያየ ተጫዋች ቦትስዋና ላይ አሰልፈን ያሸነፍንበትን 3 ነጥብ ፊፋ ቀማን። ካርድ የሚቆጥር ሰው ጠፍቶ ነው። ካርድ ቆጠራ ድሮም አይሆንልንም።

የሚከብደው ግን የሜዳው ነገር ነው። በ2014 መጀመሪያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የባሕር ዳርን ስታዲየም ደረጃውን አያሟላም ብሎ አገደ። ከዚያ በኋላ ብሔራዊ ቡድኑ «ባለ ሜዳ» እየተባለ በሰው አገር ይጫወት ጀመር። ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 ስናሸንፍ፣ በወረቀት ላይ በሜዳችን ነበርን፤ በእግራችን ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ። ዓባይ ከዚህ ቤት ብዙም ሳይርቅ ይመነጫል። ግብፅን ለመርታት ግን እስከ ማላዊ መውረድ አስፈለገን።

ይህን ሲያወሩ ነው ከማዶ የመጣው ሰውዬ አፉን የፈታ። «እኔም ሠላሳ ዓመት የተጫወትኩበት ሜዳ ነበረኝ» አለ። «አርሼ ያስተካከልኩት፣ ልጆቼን የዳርኩበት። አንድ ቀን ደረጃውን አታሟላም ተባልኩ። ይኸው የቤት ጨዋታዬን እዚህ እጫወታለሁ።» የዚያን ቀን የእሱን ቡና ሒሳብ ማን እንደከፈለ አይታወቅም። ባለቤቷ ተከፍሏል ብቻ ነው ያለች።

ወደ ግንቦቱ ፍልሚያ ልምጣ። ግንቦት 13 ቀን 2017፣ ቢልባኦ ላይ፣ የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ፤ ዩናይትድና ቶተንሃም። የውድድር ዓመቱን አንዱ 15ኛ፣ ሌላው 17ኛ ሆነው የጨረሱ ናቸው፤ 17ኛው ከመውረድ የተረፈ የመጨረሻው ወንበር ነው። ሁለት እንዲህ የደከሙ ቡድኖች ለአንድ ዋንጫ ሲተናነቁ ማየት ያጓጓል፤ አጥቂውም ተከላካዩም ከኳሷ ይልቅ እግር እየመታ። የኔታ፣ «15ኛውና 17ኛው ከተፋለሙ መካከል ላይ ያለው 16ኛው ምን ሲያደርግ ነበር?» ብለው ጠይቀዋል። «ራሱን ሲጠብቅ» ነበር መልሱ።

ጨዋታው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው የሚጀምረው። በዚያ ሰዓት ማንም ከቤቱ አይወጣም፤ የማታ ጨዋታ ለዓይን ጥሩ አይደለም ይባላል። የስልኩ ኢንተርኔትም መረቡ የተቀደደ ነበር። ስለዚህ ውጤቱ በነጋታው በሾፌር አፍ መጣ። መጀመሪያ በቡሬ በኩል የመጣው ሾፌር፣ «ዩናይትድ ደመሰሳቸው፤ ጥቂቶቹ ሸሽተው አመለጡ» አለ። ማንቼዎች ጨፈሩ። እኩለ ቀን ላይ ሌላው ደረሰ። «የፍኖተ ሰላም መንገድ ተዘግቶ ነበር እንዴ፣ ምነው ቆየህ?» ሲሉት፣ «እሱ ከተዘጋ ቆየ፤ በእግረኛ መንገድ ዞሬ ነው» አለና፣ ቶተንሃም ዩናይትድን እንዳልነበር እንዳደረገው፣ የማረከውም ብዙ እንደሆነ አወራ። ሁለቱም በዓይኔ ያየሁት ነው ብለው ማሉ። ሁለቱም ሌላኛው ሾፌር የተቃራኒ ቡድን ወሬ አቀባይ መሆኑን አስጠነቀቁ።

«ሁለቱም ካሸነፉ» አሉ የኔታ፣ «የተሸነፈው ማነው?»

አንዱ ዳኛው አለ፣ አንዱ አሰልጣኙ አለ። ባለቤቷ ሲኒ እየሰበሰበች ነበር። «ሜዳው ነዋ» አለች።

እኔ ውጤቱን አውቃለሁ። ቶተንሃም 1 ለ 0 ነው፤ ጎሉን ብሬናን ጆንሰን በ42ኛው ደቂቃ አስቆጠረ። አሸናፊው አሰልጣኝ ፖስቴኮግሉ ዋንጫውን ባነሳ በ16ኛው ቀን ከሥራው ተሰናበተ። የተሸነፈው አሰልጣኝ ያኔ ወንበሩ ላይ ቀረ። የእንግሊዝ ነገር ነውና ምክንያቱን አትጠይቁኝ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚያ በኩል የምታልፍ ከሆነና ያለቀ ጨዋታ ውጤት በእጅህ ካለ፣ ለሾፌሮቹ ንገርልን። ለአንዱ ብቻ ነግረህ እንዳትሄድ አደራ። ለሁለቱም፣ አንድ ዓይነት አድርገህ ንገራቸው።