የተጫነ ብስክሌት ውዳሴ

ሐሜትንም፣ ብድር መካድንም፣ ቀጠሮ ማፍረስንም በዘመን ብዛት ተላምጃቸዋለሁ፤ ብስክሌት ሳይነዱ «የብስክሌት ጉዞ» የሚያደርጉ ሰዎችን ግን ትዕግሥቴ እስከ ዛሬ ሊችላቸው አልቻለም።

የጉዞው ሥርዓት እንዲህ ነው። ከጣና ዳር ካለችው ከባሕር ዳር ተነሥቶ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ጢስ ዓባይ ወርዶ፣ ከፏፏቴው በላይ ዓባይን በሞተር ጀልባ ተሻግሮ በዕለቱ የሚመለስ ጉዞ በአንድ ማኅበር ይታወጃል። እንደ እኔ ያለው የዋህ ሰንሰለቱን ዘይት ቀብቶ፣ ጎማውን ነፍቶ ከንጋት ጀምሮ ይጠብቃል፤ የማኅበርተኞቹ ብስክሌቶች ግን አፈር ሳይነካቸው በአይሱዙ ተጭነው፣ ባለቤቶቻቸውም በሚኒባስ ተሳፍረው ይደርሳሉ። ቲሸርት ይታደላል፤ ባነር ይዘረጋል፤ የክብር እንግዳው እስኪመጣ ፀሐይ አናት ላይ ትወጣለች፤ ከንግግሩም በኋላ ለካሜራ የሚበቃ ያህል መቶ ሜትር ተነድቶ፣ ብስክሌቱ ወደ ጭነቱ፣ ነጂውም ወደ ወንበሩ ይመለሳል።

ይህን የሚነቅፉ ሰዎች ምሥጢሩ ያልተገለጠላቸው ናቸው። ያልተነዳ ብስክሌት ጎማው አይፈነዳም፤ ሰንሰለቱ አይወልቅም፤ ነጂው ስለማያልበው ቲሸርቱ ለከርሞ በዓል ይተርፋል። ከዚህ የበለጠ ንጽሕና ወዴት ይገኛል?

እንግዲህ ይህን የመሰለ ትሩፋት ለባሕር ዳር ብቻ ተወስኖ መቅረቱ በእኛ በደባርቅና በዳባት ሰዎች ላይ የተፈጸመ ግፍ ነው። የባሕር ዳር ሜዳ የሚጠቅመው ለሚነዳ ሰው ነው፤ ለማይነዳ ሰው ሜዳውም ገደሉም እኩል ስለ ሆነ፣ ከጣና በሺህ ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠችው ደባርቅ ለዚህ ማኅበር በእጅጉ ትስማማለች። ጫኝ በቅሎውም፣ በቅሎ ነጂውም፣ መንገድ መሪውም፣ ጠመንጃ የያዘው ስካውትም ለተራራ ጎብኚ ሲባል አስቀድሞ በከተማችን ተሰናድቷል። በእያንዳንዷ በቅሎ ላይ አንድ አንድ ብስክሌት ተጭኖ፣ ከጭላዳ ዝንጀሮ የሚጠብቀው ስካውት ከኋላው እየተከተለ፣ ሳንቃበርንና ግጭን አልፎ፣ በቧሂት ተሻግሮ ማኅበሩ ወደ ራስ ዳሽን ይገሰግሳል።

ነገር ግን መርሐ ግብሩ «በጀልባ መሻገር» ይላልና፣ ከቧሂት ማዶ በሚገኘው በመሸሃ ወንዝ ላይ ወደብ ማቋቋም ግድ ይሆናል። በበጋ መሸሃን ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ ያቋርጡታል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ ሥርዓት በእግር አይሻገርም! ከጣና የደንገል ታንኳ በበቅሎ ይመጣል፤ ደንገል ውኃ ሲጠጣ ስለሚከብድ፣ ከእያንዳንዱ መሻገር በኋላ ታንኳውን ፀሐይ ላይ አቁሞ የሚያደርቅ አንድ ሹም፣ ሹሙንም የሚቆጣጠር አንድ ምክትል ይሾማል። ታንኳው በድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ አልንቀሳቀስ ባለ ጊዜ፣ አራት የአገሬው ጎበዛዝት የክብር እንግዳውን ከነታንኳው በትከሻቸው አንሥተው፣ ውኃው ቁርጭምጭሚታቸውን እያራሰው፣ እሱም በመቅዘፊያ አየሩን እየቀዘፈ፣ ወደ ማዶ ያደርሱታል። ባነሩ ተገልብጦ መያዙ የሚታወቀው ፎቶግራፉ ሲታይ ስለሆነ፣ ሁሉም ተመልሶ እንደገና ይሻገራል። በዓመቱ መጨረሻም የመሸሃ ወደብ ጽሕፈት ቤት፣ ምንም ዓይነት የመስጠም አደጋ አለመድረሱን በሪፖርቱ በኩራት ይገልጻል።

በሊማሊሞ ወደ ድብ ባሕር መውረድን ያሰበ ግን ሐሳቡን ይተው፤ በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ብስክሌቱ ሳይፈለግ በራሱ ሊሄድ ይችላልና።

አሁን ሽሙጡን ልተወው። በጢስ ዓባይ መሻገሪያ ጀልባው ለፎቶግራፍ ሲባል በቆመበት ሰዓት፣ ከወዲያ ማዶ ጤፏን በማዳበሪያ ቋጥራ ያዘለች አንዲት እናት፣ ሸክሟን ብታወርደው መልሶ የሚያሸክማት ስለሌለ፣ ጎንበስ እንዳለች ፀሐይ ሲመታት አይቻለሁ፤ ወደ ገበያ እየሄደች ነበር። ይህ ነውር ነው። በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆኖ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው ጽጋቡ ግርማይ እዚያ የደረሰው ፔዳል ረግጦ ነው። የባሕር ዳር ተማሪና የቀን ሠራተኛም ጓደኛውን ከኋላ አፈናጥጦ በየማለዳው ሲነዳ ባነር የሚይዝለት የለም።

ይሁን እንጂ የእኛ የደባርቁ ማኅበር ምዝገባውን በቅርቡ ይጀምራል። ብስክሌት የሌለው ሰው ከፎቶግራፉ በፊት ይዋሳል፤ በቅሎ የሚፈራም በልዩ አስተያየት በመኪና ይሄዳል። ብስክሌት መንዳት የሚችል ሰው ግን፣ መንገድ ላይ ድንገት አምሮት ሥርዓቱን ሊያፈርስ ስለሚችል፣ በአባልነት ተቀባይነት የለውም።