የዓባይ ምንጭ እንዴት ሰነበተ?

አልካላ ዴ ኤናሬስ፣ ስፔን
ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ለአባዬ፣ ለእማሆይ አያቴ፣ ለእቱ፣ እንዲሁም ቡናው ላይ ለተገኛችሁ ጎረቤቶች በሙሉ። እኔ ከእናንተ ናፍቆትና ከአሳማ በስተቀር ያስቸገረኝ ነገር የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ደብዳቤ የምጽፈው ስልክ ጠፍቶ አይደለም። በስልክ ስንገናኝ ገና ሰላምታችንን ሳንጨርስ አባዬ «በል ልጄ፣ ካርድህ እንዳያልቅብህ» እያለ ስለሚዘጋብኝ ነው። በቴሌግራም ሲደወል ካርድ አይቆጥርም ብለው «ፈረንጅ በነጻ የሚሰጠው ነገር የለም» ይለኛል። ስለዚህ ይህን በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ ልኬዋለሁ፤ እቱ ታነብላችኋለች። እቱ፣ በቅንፍ ያስገባሁትን ዝለዪው። ስትዘዪ ደግሞ ፊትሽ ላይ እንዳያስታውቅ።

መጀመሪያ የጋሼ ኩባን ጉዳይ ላንሳ፤ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው እንደሚሰሙኝ አውቃለሁ። ጋሼ፣ ያስተማሩኝ ስፓኒሽ ሠርቷል። የሠራው ግን እርስዎ ባሰቡት መንገድ አይደለም። አከራዬ በሩን ስትከፍትልኝ፣ መኝታዬ ላይ ሆኜ ስለማመደው የከረምኩትን ሰላምታ አወረድኩላት። ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ከሐቫና ነው የመጣኸው?» አለችኝ። ኧረ ከደብረ ማርቆስ ነው አልኳት። «ደብረ ማርቆስ ኩባ ውስጥ በየት በኩል ነው?»

በእሷ አልፈርድም። በ1970ዎቹ ኩባ ወስዳ ካስተማረቻቸው በሺህ ከሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች አንዱ፣ አባቱ ኦጋዴን ላይ የወደቀበት፣ በወጣቶች ደሴት ካራማራ በተባለ ትምህርት ቤት ግማሹን ቀን እየተማረ ግማሹን ቀን ፍራፍሬ እየለቀመ ያደገ ሰው፣ ከዓመታት በኋላ ማርቆስ ላይ ለጎረቤት ልጅ ስፓኒሽ ሲያስተምር የቃላቱን ጅራት እየዋጠ፣ እያለዘበ ነው የሚያስተምረው። አሁን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ «ኩባዊው» ነው ስሜ። አንድ ቅዳሜ ማታ ጨፍርልን ብለው ቢይዙኝ የጎጃም እስክስታ ወረድኩላቸው። ትንሽ ተያዩና ይህ የምሥራቅ ኩባ ጭፈራ መሆን አለበት ብለው አጨበጨቡ። ጋሼ፣ ደሴትዎን አላሳፈርኩም።

ኢትዮጵያዊ መሆኔ የገባቸው ደግሞ ፊቴን ትተው እግሬን ነው የሚያዩት። ኃይሌንና ቀነኒሳን ያውቃሉ፤ እኔን ግን አያውቁኝም። በሰፈሩ ሩጫ ላይ ሳይጠይቁኝ አስመዘገቡኝና ሕፃን በጋሪ እየገፋች የምትሮጥ እናት ቀድማኝ ገባች። ከዚያ ወዲህ ስለ ሩጫ ያነሳብኝ የለም።

አባዬ፣ ስለ አንተም ወሬ አለኝ። እዚህ አገር ማንም ሰው ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፣ አንዱን ከአባቱ፣ ሌላውን ከእናቱ ያገኘዋል። ቅጹ ሁለት ክፍት ቦታ ሲሰጠኝ አንተንና ወንድ አያቴን ሞላሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍል ውስጥ የሚጠራው የአንተ ስም ነው። መምህሩ «ሴኞር» ብሎ ስምህን ሲጠራ፣ ዱላህን ይዘህ የገባህ እየመሰለኝ ወደ በሩ እዞራለሁ። እንግዲህ ሁለተኛ ዲግሪውን የምትማረው አንተ ነህ፤ ፈተናውን እንድናልፍ ጸልይ። (እቱ፣ ይህችን ዝለዪ፦ አንዲት የቢሮ ጸሐፊ ሁለተኛው ስም የእናትህ መሆን አለበት ብላ ድርቅ አለች። የአያቴ ነው ብላት አልገባትም፤ ቸኩላም ነበር። ያን ፂማም አያታችንን በአምስት ደቂቃ ውስጥ እናቴ አድርጋ መዘገበችው። አባዬ ከሰማ ክስ ይመሠርታል።)

ወደ ምግቡ ልምጣ። እማዬ፣ መቼም የምታዳምጪው ይህንን ነው። እዚህ ከተማ መጠጥ ያዘዘ ሰው ከመጠጡ ጋር ትንሽ ሳህን ምግብ ይመጣለታል፣ በነጻ። አባዬ፣ በነጻ ነው የምልህ! ችግሩ ነጻው ምግብ ብዙውን ጊዜ አሳማ ነው። አሳማው ደግሞ የተደበቀ አይደለም፤ እግሩ ከነሰኮናው ከጣሪያው ላይ በረድፍ ተንጠልጥሏል፣ ከሥሩ ሆነህ ቡናህን ትጠጣለህ። የጽጌ ጾም ገብቶ ነበርና ሥጋ የሌለው ነገር ስጡኝ አልኩ። ፎሶሊያ መጣልኝ። ፎሶሊያው ውስጥ ቀይ ቀይ ነገር ተከትፏል። ሥጋ አልበላም አላልኩህም ወይ? ብለው አስተናጋጁ ከልቡ ተቀየመ፤ «ይህ እኮ ሥጋ አይደለም፣ ሃሞን ነው!» ሃሞን የሚሉት ያንኑ የተሰቀለውን ነው። በሌላ ቀን ምስር ወጥ የሚል አይቼ ልቤ በደስታ ዘለለ። ስቆፍረው ከሥሩ ቋሊማ ወጣ።

ስለዚህ የምውለው በዳቦ፣ በወይራ ፍሬና ሳይጣድ በሚቀርብ የቲማቲም ሾርባ ነው። እማሆይ፣ አንቺ ደግሞ ስሸኝ «ሱስንዮስን ያሳሳቱት እነሱ ናቸው፣ ካቶሊክ እንዳያደርጉህ» ብለሽኝ ነበር። አይዞሽ፣ እስካሁን ሊያሳስተኝ የሞከረው አሳማው ብቻ ነው።

ምሳ የሚበሉት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ እራት ከምሽቱ አራት ሰዓት። እናንተ አንድ እንቅልፍ ስትጨርሱ እነሱ ሰላጣ ይቆርጣሉ። በምሳ ሰዓት ብዙዎቹ ትንንሽ ሱቆች ይዘጋሉ፤ የመጣሁ ሰሞን ጭር ያለውን መንገድ አይቼ ትልቅ ሰው ሞቶ ከተማው ቀብር የወጣ መስሎኝ ነበር። ነጠላ ይዤ ቢሆን አዘቅዝቄ እወጣ ነበር። ሰላምታቸውም ጎዶሎ ነው፣ ሁለት ጊዜ ጉንጭ ይስሙና ያበቃሉ። እኔ ለሦስተኛው ጉንጬን ሰጥቼ፣ ሴትዮዋ ሄዳ፣ አየር ስሜ ቀርቻለሁ።

ይኸውላችሁ፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል ገበያ ወጣሁ። ይህች ከተማ የሰርቫንቴስ፣ የዶን ኪኾቴ ደራሲ፣ የትውልድ አገር ናት። ሰውየው የተወለደበት ቀን በትክክል ስለማይታወቅ ክርስትና የተነሳበትን፣ በፈረንጅ 1547 ኦክቶበር 9ን ይዘው በየዓመቱ ያከብሩለታል። በዚያን ሰሞን መሐል ከተማውን የጥንት ገበያ ያደርጉታል። ሰዉ ሁሉ የአያት ቅድመ አያቱን ዓይነት ልብስ ለብሶ፣ በየመንገዱ ዳስ ጥሎ ይሸጣል። ሕዝቡ ከማድሪድ ሳይቀር በባቡር ተጭኖ መጥቶ ይተራመሳል።

ምን ያየሁ ይመስላችኋል? አንጥረኛ አየሁ፤ ወናፉን እየነፋ፣ ብረቱን እያጋለ ይቀጠቅጣል፣ ሦስት ረድፍ ሰው ከቦ ፎቶ ያነሳዋል። ሸክላ ሠሪ አየሁ። ልጆች አህያ ላይ እንዲቀመጡ ወላጆቻቸው ገንዘብ ከፍለው ወረፋ ይዘዋል፤ አህያዋ የእኛ ጎረቤት አህያ ቁርጥ ናት፣ አመሏም ጭምር። አንድ አባት ለልጁ ጎንበስ ብሎ «አየህ፣ የዛሬ አራት መቶ ዓመት ሰው እንዲህ ነበር የሚኖረው» ይለዋል። ቀና ብሎ ሲያየኝ በፈገግታ ራሴን ነቀነቅኩለት። ምን ልበለው? የዛሬ ወር ነው የተለየኋቸው ልበለው?

ከዚያ አንዲት ሴትዮ ሱፍ ስትፈትል አገኘሁ። እማዬ፣ ፈትሉ ፈትል አይደለም! አንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይበጠሳል፣ እንዝርቱ እጇ ላይ ይንገዳገዳል፣ ሰዉ ግን አፉን ከፍቶ ያያታል። አላስቻለኝም፤ እናቴም ትፈትላለች፣ የእሷ ግን ቀጭን ነው አልኳት። የሥራ ባልደረባ ያገኘች ያህል ደስ አላትና «የትኛው የትርኢት ቡድን ውስጥ ነው የምትሠራው?» ብላ ጠየቀችኝ። ደብረ ማርቆስ ያለው ቡድን ውስጥ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ያሳያሉ፣ ክፍያ የላቸውም አልኳት። በጣም አዘነችልሽ። መብቷን ማስከበር አለባት ብላለች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፣ እማዬ መልስ የምፈልገው ከዚህ ላይ ነውና። አከራዬ ወንድም አላት፤ ከዚህ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ርቃ በምትገኝ፣ ኦልሜዳ ዴ ላስ ፉዌንቴስ በምትባል፣ ቤቶቿ ሁሉ ነጭ ኖራ በተቀቡ ትንሽ መንደር ይኖራል። ከጎጃም መምጣቴን ሲሰማ እሑድ ዕለት እያከነፈ ወሰደኝ። ለካ የፔድሮ ፓኤዝ አገር ናት! በፈረንጅ 1564 እዚያች መንደር የተወለደ ልጅ፣ ኢየሱሳዊ ካህን ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዝ ተይዞ የመን ውስጥ ሰባት ዓመት ያህል ታስሮ፣ በ1603 ምጽዋ ገባ። አማርኛም ግዕዝም ለመደ። በ1618 ሚያዝያ ላይ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ቆሞ ምንጩን አየና ጽፎ አስቀመጠ። ከ152 ዓመት በኋላ ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ መጥቶ «መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ» ስላለ የመንደሩ ሽማግሌዎች ዛሬም በብሩስ ላይ ቂም አላቸው። የሞተ ሰው ነው ብላቸውም ቂሙን አልተዉም።

የመንደሩ ቡና ቤት ስገባ «ከዓባይ ምንጭ የመጣው ልጅ» ተብዬ ተዋወቅኩ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ጨበጡኝ። አንዱ «የእኛ ልጅ የእናንተን ወንዝ አገኘላችሁ» ሲለኝ የጎጃም ደሜ ፈላ። እንዴት ብሎ ነው ያገኘው አልኩ፤ እሱ ሲደርስ እኮ ሰዉ በቦታው ነበር፣ ጸበሉን ይጠመቅ ነበር፣ ንጉሡ ራሱ ነው ይዞት የሄደው። እንግዳ ተጋብዞ ገብቶ ቤቱን አገኘሁት ይላል? ቡና ቤቱ ዝም አለ። ከጥግ የተቀመጡት በዕድሜ የገፉ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁና «ልክ ነው፤ ኮሎምቦስም ያደረገው ይህንኑ ነው» አሉ። ሁሉም ሳቁ። ወዲያው የተከተፈ አሳማ መጣ፣ በነጻ።

ከዚያ በኋላ ነው ጭንቁ የመጣው። ወንበራቸውን አቀራረቡና ስለ ምንጩ ይጠይቁኝ ጀመር፣ ሩቅ አገር ስለተዳረች ልጅ እንደሚጠየቅ ዓይነት። እንዴት ሰነበተ? ዛሬም ይፈልቃል? አልቀነሰም? ዙሪያው ታጥሯል? እማዬ፣ እኔ የውሃ ሀብት ልማር ባሕር ተሻግሬ የመጣሁ ሰው፣ ሰከላን በዓይኔ አይቼው አላውቅም! የእነሱ ልጅ በበቅሎ ቀድሞኛል። አንቺ ጸበል ሄደሽ ስትመለሺ የነገርሽኝን ሁሉ አራገፍኩላቸው፦ አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ መስጠታቸውን፣ ውሃው ሳያረጥብ መመለሱን፣ ሰዉ ጫማውን አውልቆ መግባቱን፣ ቢጫ ጀሪካኑን። መጻሕፍቱ ሳይረጥቡ መውጣታቸውን ስነግራቸው አንዱ አማተበ፣ አንዱ ደግሞ ደረቁን ወይን ጠጅ ጨምሩለት አለ።

ለገና በዓላቸው ተመልሼ እንድመጣና የምንጩን የዘንድሮ ወሬ እንዳመጣላቸው ቃል አስገብተውኛል። ስለዚህ እማዬ፣ መንገዱ ሰላም የሆነ ጊዜ ሰከላ የደረሰ ዘመድ ካለ በደንብ ጠይቂልኝ። ዘንድሮ ክረምቱ ከጠነከረ የውሃው ነገር እንዴት ነው? የሚጠመቀው ሰው በዝቷል ወይ? እቱ አንድ በአንድ ጻፊው፤ እንደ ፈተና ነው የሚያርሙኝ።

ስለ ዕቃው፦ ከአዲስ አበባ የሚመጣ የክፍል ጓደኛዬ ዘመድ አለ፤ በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ላኪልኝ። ቅቤና ቋንጣ ግን አትላኪ፣ የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ አገር ሥጋም የወተት ውጤትም በሻንጣ እንዲገባ አይፈቅድም። (እቱ፣ ዝለዪ፦ እማዬ ልብሴ መሐል የሸጎጠችው ቅቤ አውሮፕላን ማረፊያ ተወስዷል። በልቼ ጨርሼ ጣቴን እንደላስኩ ንገሪልኝ።)

ልጃችሁ

ማሳሰቢያ፦ ዲኤስቲቪ ቤት ለምትጠብቁኝ ጓደኞቼ። ኳስ ተጫዋቹን ቪኒሲየስን አላገኘሁትም። ስታዲየሙን በውጭ በኩል ዞሬዋለሁ፤ ጨዋታውን ያየሁት እንደ እናንተው በቴሌቪዥን ነው፣ ልዩነቱ እዚህ ከጨዋታው ጋር ያንን የተሰቀለውን ማየት ግዴታ መሆኑ ነው። የላካችሁልኝን የማልያ ዝርዝር በቁጥርና በስም አይቼዋለሁ። ትክክለኛው ማልያ አንዱ መቶ ዩሮ ገደማ ነው፣ በእኛ ከ15 ሺህ ብር በላይ። መርካቶ ደህና ደህናው አለ ይባላል። ለእኔም አንድ ግዙልኝ፣ መካከለኛ ቁጥር።