በደባርቅና በዳባት የልደት ድግስን ከሶላት ሰዓት ጋር ስለማጣጣም የቀረበ ጥናት

መነሻ

ኢትዮጵያ ሁለት ልደቶችን ሥራ ዘግታ ታከብራለች፤ ገናንና መውሊድን። ግንቦት 1 ቀን የሚውለው የእመቤታችን ልደት ደግሞ መሥሪያ ቤት ባያዘጋም ንፍሮ ያስቀቅላል፣ ጎረቤትን ደጅ ላይ ይሰበስባል። ለሦስቱም የፕሮግራም ኮሚቴ አላስፈለገም። ኮሚቴ የመጣው አንድ ዓመት ለሞላው ሕፃን ኬክ መቁረስ ከተለመደ ወዲህ ነው።

ደባርቅና ዳባት ከጎንደር ወደ ምጽዋ በሚወስደው የጥንት ነጋዴ መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ክርስቲያንና ሙስሊም ግድግዳ ተጋርቶ መኖሩ አዲስ ነገር ስላልሆነ የተጋባዥ ዝርዝሩም ሁለቱን ይይዛል። በዚህ ጊዜ ከኮሚቴው አንዱ ተነሥቶ «የሶላት ሰዓት ፕሮግራማችንን ያዛባብናል» ይላል። ይህ ጥናት የሰውየውን መላ ምት ይፈትሻል።

የጥናቱ አካባቢና ዘዴ

ዳባት የተመረጠችው በምክንያት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወረዳው በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞረ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገር ለቀቀ እያለ ይመዘግባል። ከመዝገቡ ውጭ ግን «የተወለድኩት በጥምቀት ማግስት ነው፤ ዓመቱን እናቴ ታውቀዋለች» የሚል አባወራ ሞልቷል። ለእንዲህ ያለው ሰው ስንት ሻማ እንደሚተከል ሳይንስ መልስ አልሰጠም።

መረጃው የተሰበሰበው በተጋባዥነት ነው። አጥኚው ገለልተኛነቱን ለመጠበቅ ሲል ከየትኛውም ወገን የቀረበለትን ምግብ አልመለሰም።

ግኝት 1፦ ሰዓት

ኮሚቴዎች የሶላትን ሰዓት እንደ ድንገተኛ በረዶ ይፈሩታል። ደባርቅ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ግን ክረምት ከበጋ የቀኑ ርዝመት ብዙ አይለዋወጥም። የቀትሩ ሶላት ዙህር ዓመቱን ሙሉ ከ6፡10 እስከ 6፡45 ባለው ውስጥ ይገባል፤ የከሰዓቱ ሶላት አስር ከ9፡30 እስከ 10፡00 ግድም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰገደው መግሪብ ከ12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት። በአስርና በመግሪብ መካከል በየትኛውም ወር ከሁለት ሰዓት የሚበልጥ ክፍት ጊዜ አለ። ይህ ለኬኩ፣ ለድፎ ዳቦውና ለቡናው፣ ከአቦል እስከ በረካ፣ ይበቃል። ለንግግር አይበቃም፤ ይህን ግን በሶላት ማሳበብ አይቻልም።

ራት ቀርቦ ሶላት ከገባ በራቱ ጀምሩ የሚል የታወቀ ሐዲስ አለ። ራት ቀርቦ ንግግር አድራጊ ከገባ ምን እንደሚደረግ የሚደነግግ የኮሚቴ መመሪያ ግን አልተገኘም።

ግኝት 2፦ ቀን

ዓርብ በሁለቱም ወገን የተያዘ ነው፤ ላንዱ ጁምዓ፣ ለሌላው ጾም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን የካቲት 22 ተከተለው። በእነዚያ ሳምንታት ልደቱ የዋለ ሕፃን ግማሹ እንግዳው ቀን የማይቀምስ፣ ግማሹ ማታም ቅቤ የማይነካ ነበር። መፍትሔው አንድ ነው፦ የጾም ኬክ፣ ከመግሪብ በኋላ። ሁሉም ወገን ይስማማበታል፤ ባለልደቱ ግን በዚያ ሰዓት ተኝቷል።

ግኝት 3፦ ድስት

ክርስቲያኑ የሙስሊም ዕርድ፣ ሙስሊሙ የክርስቲያን ዕርድ አይበላም። ይህን ጎረቤት ሁሉ ስለሚያውቀው ስብሰባ አልተጠራበትም፤ የሙስሊሞቹ በግ በራሳቸው ሰው ይታረዳል፣ በራሳቸው ድስት ይሠራል። አደጋው ያለው ጭልፋው ላይ ነው። ሁለት በግ ያጸናውን ሰላም ከድስት ድስት የሚዞር አንድ ጭልፋ ያፈርሰዋል።

ለጠላው ምትክ ብርዝ ይቀርባል። ብርዙ ለሙስሊሞች ተብሎ ይበጠበጥና ክርስቲያኖቹ ቀድመው ይጨርሱታል።

ግኝት 4፦ አቅጣጫ

ከደባርቅ ሲታይ መካ በስተሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ጋደል ብላ ትገኛለች፤ በሊማሊሞ ቁልቁለት በኩል ማለት ነው። ኮሚቴው ደግሞ ፊኛውንና የአንበሳውን ሥዕል የሚለጥፈው ሰፊው ግድግዳ ላይ ነው፤ ሰፊው ግድግዳ ወደ ሰሜን የዞረ እንደሆነ እንግዳው ሥዕል ፊት ላለመስገድ ጓዳ ይገባል፤ ጓዳ የገባውን ደግሞ ሴቶቹ «ይቅመሱ እንጂ» እያሉ ይይዙታል። አንበሳው ወደ ደቡብ ቢዛወር ችግሩ ይፈታል። ከሶላት በፊት ለሚደረገው ትጥበት፣ ለውዱእ፣ የእጅ ማስታጠቢያው ራሱ ይበቃል፤ ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ውሃው ለብ ይበል።

ግኝት 5፦ እውነተኛው መዘግየት

ቤት ውስጥ የሚሰገድ የአስር ሶላት አቦል ሳይቀዳ ያልቃል። ፕሮግራሙን የሚያዘገዩት ሌሎች ናቸው። አንደኛ ኬኩ፦ በዚህ ከፍታ ውሃ በ90 ዲግሪ ግድም ይፈላል፣ አየሩም ስስ ነው፤ በቆላ ልክ የተቦካ ኬክ ቶሎ ይነፋና መሐሉ ይሰምጣል፤ እንደገና ይጋገራል። ሁለተኛ መብራቱ። ሦስተኛ ፎቶው፦ ከኬኩ ጋር ሳይነሣ የሚቀር ዘመድ የለም። አራተኛ አክስት፦ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል በሚኒባስ ትመጣለች፤ ሚኒባሱ የሚነሣው ሲሞላ ነው። የመጪው ዓመት መግሪብ ከዛሬ ጀምሮ በደቂቃ ይታወቃል፤ ሚኒባሱ መቼ እንደሚሞላ ሾፌሩም አያውቅም።

መደምደሚያና ምክረ ሐሳብ

መላ ምቱ ውድቅ ሆኗል። በልደት ድግስ ላይ ሰዓቱን የሚያከብር አንድ ነገር ቢኖር ሶላት ነው፤ የተከሰሰውም እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴዎች ሆይ፦ አዛን ሲሰማ ስፒከሩን ዝቅ አድርጉ፣ ጭልፋውን ሁለት አድርጉ፣ ንግግሩን ሰርዙ። ጥሪ ካርዱ ላይም «ከአስር ሶላት በኋላ» ብላችሁ ጻፉ። ሙስሊሙ ሰግዶ በሰዓቱ ይመጣል፤ ክርስቲያኑም «መቼ ነው?» ብሎ ጎረቤቱን ሲጠይቅ አብሮት ይደርሳል። አክስትን በዋዜማው አምጧት።