ምርቃት የሌለው አሚን

ቤታችሁ ካሴት አለ? አትዋሹኝ፣ አለ። ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ከአሮጌ የፎቶ አልበምና ስልኩ ከጠፋ ቻርጀር ጋር ተኝቷል። የሚሰማው የለም፣ የሚጥለውም የለም። የእኛ ቤቱ የአያቴ ድምፅ ያለበት ነው። በደርግ ጊዜ ውጭ አገር መደወል ትልቅ ጉዳይ ነበርና ሰው ናፍቆቱን በካሴት ይልክ ነበር፤ እዚህ ያለው ተናግሮ ይሰድዳል፣ እዚያ ያለው አልቅሶ ይመልሳል። አጋሮ ላይ ቡና ይነግዱ የነበሩት አያቴም ባሕር ማዶ ላለው ልጃቸው የስልሳ ደቂቃ ካሴት ሞልተው ተናገሩ፤ መከሩ፣ መረቁ፣ አሸጉት። ፖስታ ቤት ሲደርሱ የመላኪያውን ዋጋ ሰሙና ይዘውት ተመለሱ። በዘራችን ገንዘብ ቶሎ ከኪስ አይወጣም። ይህቺን ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ ትጠቅመናለች።

ታዲያ ጅማ ውስጥ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ስሙ ይቆየን፣ በእኔ ጦስ አይነሣ፣ የዲጂታል ሚዲያ ላብ ከፈተ ተባለ። ወሬው አጋሮ ሲደርስ አክስቴ ደወለች። «አንተ የተማርክ ነህ፤ ያባባን ድምፅ ወደ ፍላሽ አስገልብጠህ አምጣልኝ» አለችኝ። ቤተሰቡ ውስጥ የተማረ የተባልኩት የሪሞት ባትሪ ስለምቀይር ነው፤ ግን ማን ማዕረጉን ይመልሳል?

እንደ ተማረ ሰው ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ። ለካ ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የቺካጎው ሃሮልድ ዋሽንግተን ቤተ መጻሕፍት ለወጣቶች ዩሚዲያ የሚባል ክፍል ከፍቶ ድምፅና ቪዲዮ እንዲሠሩበት አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2018 የተከፈተው የሄልሲንኪው ኦዲ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ከመቅረጫ ስቱዲዮ አልፎ የልብስ ስፌት መኪና ሳይቀር አለው። እኛም ብንሆን ድምፅና ጽሑፍ ከመጥፋት ማዳን አዲሳችን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የየገዳማቱና የየአድባራቱ ብራና በማይክሮፊልም ሲነሣ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን አስመርቃለች። ይህን ሁሉ ጠዋት ከመንደራ እስከ ፈረንጅ አራዳ ለባጃጁ ልጅ ተረክኩለት። ስጨርስ «ሂሳብ፣ ጋሼ» አለኝ።

ላቡ ቀድሞ የጋዜጣ ጥራዝ የሚከማችበት ጠባብ ክፍል ነው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳውን የእንቁላል ካርቶን አልብሰውታል። ኮምፒውተር፣ ስካነር፣ በሦስት እግሩ የቆመ ካሜራ፣ እና አንድ የጥንት ቴፕ አለ። ኃላፊዋ የልጅ አዋቂ ናት። ካሴቱን ተቀብላ አገላበጠችው፤ የላላውን ክር በቢክ እስክሪብቶ እያሽከረከረች አጠበቀችልኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ፎቶ ኮፒ አይደለም። የስልሳ ደቂቃ ካሴት ስልሳ ደቂቃ ይፈጃል፤ ሠላሳው ሲያልቅ ደግሞ መገልበጥ አለበት» አለች። ካሴት የሚያቻኩለው የለም፤ ሰውየው በተናገረበት ፍጥነት ካልሰማኸው ጨርሶ አይሰማህም።

ከቴፑ አንድ ገመድ ወደ ኮምፒውተሩ ሰካች። «ይቺ አረንጓዴ መስመር ከተንቀሳቀሰች ድምፅ እየገባ ነው። ምንም አይንኩ» ብላኝ ሲቪ ሊያስጽፉ ወደተሰለፉት ተማሪዎች ሄደች።

አልነካሁም። ማለቴ፣ ብዙ አልነካሁም። ካሴቱ ይዞራል፣ መስመሯ ትዘላለች፣ ክፍሉ ግን ጭር ብሏል፤ አያቴ በገመዱ ውስጥ ሹልክ ብለው እኔን ሳያናግሩኝ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባሉ። ይሄ ደግ ነው? የልጅ ልጃቸው እዚህ ተጎልቶ! የቴፑ ቀዳዳ አንድ ብቻ ነበርና ገመዷን ከቴፑም ከኮምፒውተሩም ቀስ አድርጌ ነቀልኩ፣ ቴፑ ላይ በቦታዋ የጆሮ ማዳመጫ ሰካሁ። አያቴ ጆሮዬ ውስጥ ከች አሉ። አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ፣ ያ ሻካራ ድምፃቸው፣ መሃል መሃል ላይ ሳላቸው ሳይቀር። ምርቃት ጀመሩ። እኔም እጄን ዘርግቼ «አሚን!» አልኩ።

መስመሯ ዘለለች።

አያቴ ሲመርቁ ጸጥ ትላለች፣ እኔ አሚን ስል እመር ትላለች። ማሽኑም ምርቃት ይወዳል ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ገመዱ ሲነቀልበት ኮምፒውተሩ በራሱ ማይክ መስማት እንደሚጀምር እኔ ከየት ልወቅ? ሪሞት ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ከኪሴ ቆሎ አወጣሁ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መብላት ክልክል ነው፤ ግን የእንቁላል ካርቶኑ ድምፅ ያፍናል ተብሏል። በመሃል አንድ ወዳጄ ደውሎ ብር አበድረኝ አለ። «የለኝም» አልኩት። «ከአክስትህ ተበደርልኛ» አለ። «ከእሷ? እሷ እኮ ቡና ስትቆላ ፍሬውን ቆጥራ ነው!» ብዬ ስቄ ስልኩን ዘጋሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ፤ ይቺኛዋ ደግሞ አጋሮ ድረስ ልትሄድ ነው።

ልጅቷ ስትመለስ ገመዱን ወደ ቦታው መልሼ ጨዋ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ፋይሉ 600 ሜጋ ባይት ያህል ሆኗል፤ በስልክ እንዲላክ ወደ 60 አወረደችው። «አያቴን አንድ አስረኛ አደረግሽብኝ?» ብዬ ተቆጣሁ። ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ድምፃቸው አይጎድልም። ትንሽ እንስማው?» አለች። አባዱላው ይሞላብኛል ብዬ ፍላሹን ነጥቄ ወጣሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው በቡና አገር ነው የተተረተው ቢሉኝ አምናለሁ።

ጅማና አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው። ስደርስ ቤቱ ሞልቷል። ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ሁለተኛ ላይ ነው፣ ሽማግሌዎች በጅማው በርጩማ ላይ ተሰይመዋል። ካሴቱ የተነገረለት አጎቴ ከሚኒያፖሊስ በቪዲዮ ገብቶ፣ ገና ምንም ሳይሰማ መሐረቡን ይዟል። ፍላሹን ስፒከሩ ላይ ሰካሁ።

መጀመሪያ ላይ አያቴ ጥርት ብለው «ልጄ፣ ሰላም ላንተ ይሁን» አሉ። ቤቱ ቀጥ አለ። ቀጥሎ «ቋ» የሚል ድምፅ መጣ፤ እሱ የገመዱ መነቀል ነው። ከዚያ ረጅም ዝምታ። ከዚያ «አሚን!» ደግሞ ዝምታ። «አሚን! አሚን!» ቀጥሎ ቆሎ፦ ቀርጨጭ፣ ቀርጨጭ። አጎቴ ከአሜሪካ እንባውን እየጠረገ «ዝም በሉ! አባባ ቆሎ እየበላ ነው» አለ። ማንም ደፍሮ አላረመውም። እኔም ብሆን በዚያች ደቂቃ አያቴን ከመሆን ሌላ የምመርጠው አልነበረም። ስፒከሩን ልነቅል ብድግ ስል አክስቴ ክንዴን ያዘች፤ ስልኬ በስፒከሩ ውስጥ ጮኸ፤ «የለኝም» አልኩ፤ ከዚያ ስለ ቡናው ፍሬ ያልኩት ከነሳቁ፣ አንድም ሳይጎድል፣ ቤቱን ሞላው። ልጅቷ እውነቷን ነው፤ ወደ 60 ቢወርድም ድምፁ አይጎድልም።

አክስቴ ጀበናዋን ይዛ ቆማ ነበር። አላፈሰሰችም፤ እሷ ጠብታ አታፈስም። አንድ ሽማግሌ «ቂል አይሙት፣ እንዲያጫውት» ብለው ሲጀምሩ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አጎቴ ብቻ ነገሩ ዘግይቶ ገባው፤ ገብቶትም «አሚኑ ግን የልብ ነበር» አለኝ። እስከ ዛሬ በደግ አነሣዋለሁ።

ካሴቱ ደግነቱ ምንም አልሆነ፤ ሲሰሙት አይጠፋም። ማምሻውን አክስቴ እንደገና አሽጋ ሰጠችኝ፤ የጎረቤትም የሠርግ ካሴት ጨመረችበት፤ ወላሂ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰፈሩ የካሴት ባለሙያ ብሎኛል። ከመቀነቷ ፈትታ የመሄጃ ብር ቆጠረችልኝ። «የመመለሻውስ?» ስላት፣

«ፍሬ ቆጣሪ አይደለሁ? እሱን ያባባን ድምፅ ስሰማ» አለችኝ።