ሞይስ የበላብን በዓላት

ማንቸስተር ዩናይትድን ለሚደግፍ አበሻ 2006 ዓ.ም. መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ ያልነበሩበት ዓመት ነው። በዓላቱማ በየቀናቸው ውለዋል። ደመራው ተለኩሷል፣ ታቦቱ ወርዷል፣ ዶሮው ታርዷል። እኛ ነን ያልዋልንባቸው። ዴቪድ ሞይስ የሚባል የግላስጎው ሰው በላብን።

አጋነንክ የሚለኝ ካለ ካላንደሩን ከጨዋታ መርሐ ግብሩ ጋር ያስተያይ። መስቀል አርብ ዋለ፤ በማግስቱ ዩናይትድ በገዛ ሜዳው በዌስት ብሮም 2 ለ 1 ተሸነፈ። በገና ዕለት ማታ በሊግ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ሰንደርላንድ 2 ለ 1 አሸነፈን። ጥር 11 ቀን፣ ጥምቀት፣ ቼልሲ 3 ለ 1። ሚያዝያ 12 ቀን፣ ፋሲካ፣ ኤቨርተን 2 ለ 0። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሊቅ አማክሮ ካልሆነ በቀር ሽንፈት በአጋጣሚ እንዲህ አይደረደርም።

ሰው ሲወድቅ ሁሉም ዐዋቂ ስለሚሆን አመጣጡንም ላስታውስ። እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 2013 ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ጡረታ እንደሚወጡ አስታወቁ። አንቱ የምላቸው በምክንያት ነው። ኦልድትራፎርድ የገቡት በኖቬምበር 1986 ሲሆን ያኔ እኛ ዘንድ ኢሕዲሪ እንኳ ገና አልታወጀም ነበር። እሳቸው እዚያው ወንበር ላይ ማስቲካቸውን ሲያኝኩ እኛ መንግሥት ቀየርን፣ ሕገ መንግሥት ቀየርን። 13 ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን ሆኑ፤ በጠቅላላው 38 ዋንጫ ሰበሰቡ። የመጨረሻ ጨዋታቸውን ከዌስት ብሮም ጋር 5 ለ 5 ወጥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አልጋውን ያወረሱት ለአገራቸው ልጅ ነው። ሞይስ ራሱ በኋላ እንዳወራው፣ ስልኩ ሲጠራ ከባለቤቱ ጋር ገበያ ወጥቶ ነበር። ስለ ተጫዋች ዝውውር ሊያነጋግሩኝ ይሆናል ብሎ ጂንስ ሱሪውን እንደለበሰ እቤታቸው ሄደ። ትፈልገዋለህ ወይ ብለው አልጠየቁትም። ቀጣዩ የዩናይትድ አሰልጣኝ አንተ ነህ ብለው ነገሩት። ሹመትና ሽረት በሬዲዮ መስማት ለለመደ ሕዝብ ቤት ድረስ ጠርቶ መንገር ትልቅ ጨዋነት ነው። ሰውየው የስድስት ዓመት ኮንትራት ፈረመ። ደጋፊውም በስትሬትፎርድ ኤንድ በኩል ምስሉን ከ«የተመረጠው» ጽሑፍ ጋር በሰፊ ጨርቅ ላይ አሠርቶ አወጣው። አንድ የሊግ ጨዋታ በሜዳው ሳያሸንፍ ተሰቀለ ማለት ነው።

አጀማመሩ ግን ደግ ነበር። ቡሄ ሁለት ቀን ሲቀረው ስዋንሲን በሜዳው 4 ለ 1 አሸነፍን። ከእንቁጣጣሽ ቀጥላ በመጣችው ቅዳሜ ክሪስታል ፓላስን 2 ለ 0 ሸኘን። ዘመን መለወጫው ለእኛ የገባ መሰለን። ሳምንት ቆይቶ ማንቸስተር ሲቲ 4 ለ 1 ሲያደርገን እንኳ «ደርቢ ነው፣ ያጋጥማል» ብለን አለፍነው። ከዚያ መስቀል መጣ።

እዚህ ላይ የባለቤቴን ታናሽ ወንድም ማስተዋወቅ አለብኝ። የአርሴናል ደጋፊ ነው። በዓል የሚውለው እኛ ቤት ነው። በዕድሜ ስለምበልጠው ጋሼ ይለኛል፣ አንቱ ይለኛል። ሰው በስድብ ሲቃጠል ብዙ አይቻለሁ፤ በአክብሮት መቃጠል ምን እንደሚመስል ያሳየኝ እሱ ነው። የዌስት ብሮም ጨዋታ እንዳለቀ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ጋሼ፣ ዌስት ብሮም ኦልድትራፎርድ ላይ መጨረሻ ያሸነፈው መቼ ነበር? እርስዎ ይደርሱበታል ብዬ ነው» አለኝ።

መልሱ እ.ኤ.አ. 1978 ነው። በዚያ ዓመት ዩናይትድን መደገፍ የታሪክ ትምህርት መከታተል ሆነ። ኤቨርተን ከ1992 ወዲህ አሸንፎት የማያውቀውን ሜዳ በዲሴምበር አሸነፈ፤ ኤቨርተን ማለት ሞይስ 11 ዓመት አሰልጥኖት የመጣው ክለብ ነው። በሦስተኛው ቀን ኒውካስል ተከተለ። ኒውካስል እዚያ ሜዳ ላይ ካሸነፈ 1972 ነበር፤ ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ስቶክ ዩናይትድን በሊግ ካሸነፈ 1984 ነበር፤ እሱም ተራው ደረሰው። ስዋንሲ ደግሞ ኦልድትራፎርድ ላይ በታሪኩ አሸንፎ አያውቅም ነበር፤ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው በኤፍኤ ካፕ አሸንፎ አወጣን። የባለቤቴ ወንድም እያንዳንዱን ዓመት እየጠቀሰ «ያኔ እንግዲህ እኔ አልተወለድኩም» ይላል፣ እንጀራውን እየቆረሰ።

ሐቁን ለመናገር አንድ ጊዜ አንጀቴ ርሷል። ኖቬምበር 10 ቀን አርሴናልን 1 ለ 0 አሸነፍነው፤ ያገባውም ከእነሱ የገዛነው ሮቢን ቫን ፐርሲ ነው። ግን በዓል አልነበረም። የባለቤቴ ወንድም ስልክም ዝግ ነበር።

ስለ ገበያው ላውራ። ከፈርጉሰን ጋር የክለቡ ሥራ አስፈጻሚ ዴቪድ ጊልም ለቀቁና ግዢው በኤድ ዉድዋርድ እጅ ወደቀ። በክረምቱ ቡድኑ አውስትራሊያ ሳለ ዉድዋርድ አስቸኳይ የዝውውር ጉዳይ አለብኝ ብሎ ጉዞውን አቋርጦ ተመለሰ። እኛም ፋብሪጋስ መጣ፣ ቲያጎ መጣ ስንል ከረምን። ማንም አልመጣም። ዩናይትድ ለሌይተን ቤንስና ለማሩዋን ፌላይኒ፣ ለሁለቱም በአንድነት፣ 28 ሚሊዮን ፓውንድ አቀረበ። ኤቨርተን ዋጋውን እንደ ስድብ ቆጥሮ መለሰው። ከዚያ በዝውውር መስኮቱ የመጨረሻ ቀን ለፌላይኒ ብቻ 27.5 ሚሊዮን ተከፈለ። መርካቶ ውስጥ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ። ገዢ እየተከራከረ ቆይቶ ዋጋው እንዳለ ዕቃው በግማሽ ሲቀንስ ግን ያየሁት ያኔ ነው።

የምግቡን ነገርም አልረሳውም። ሪዮ ፈርዲናንድ በመጽሐፉ እንዳወጋው፣ ሞይስ ተጫዋቾቹ በጨዋታ ዋዜማ ሲበሉት የኖሩትን የድንች ጥብስ ከለከለ። ሻምፒዮኖቹ አኮረፉ። እናቴ ይህን ስነግራት ግራ ገብቷት «ድንች ጥብስ እኮ የጾም ነው» አለች። የጾም ምግብ የሚያስጾም አለቃ አይታ አታውቅም።

የጨዋታው ነገር ግን ከጥብሱ የባሰ ነበር። ፌብሩዋሪ 9 ቀን የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ የነበረው ፉልሃም ኦልድትራፎርድ መጣ። አሰልጣኙ ሬኔ ሚዩለንስቲን፣ የፈርጉሰን ረዳት የነበረውና ሞይስ ሲመጣ ክለቡን የለቀቀው ሰው ነው። በዚያን ቀን የዩናይትድ ተጫዋቾች ወደ ፉልሃም ግብ 81 ኳስ አሻገሩ። ሰማንያ አንድ! ጥምቀት ላይ ከረጢት ሙሉ ሎሚ ይዞ ወጥቶ፣ የሚወዳት ልጅ እንደሌለች ቢያይም የመጣበትን ሎሚ ወርውሮ ሳይጨርስ ቤቱ እንደማይገባ ጎረምሳ። መሐል ላይ የቆመው የፉልሃሙ ዳን በርን ቁመቱ 2 ሜትር ነው፤ በግንባሩ እየመለሰ ዋለ። ታች ዲቪዚዮን ሲጫወት ካልሆነ በቀር ይህን ያህል ኳስ በግንባሩ መትቶ እንደማያውቅ ከጨዋታው በኋላ ተናገረ። በሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው «ኧረ አንዷን በመሬት ሞክሯት!» እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ይህ ሁሉ ሆኖ እንደ ምንም 2 ለ 1 መራን። በጭማሪው ሰዓት ዳረን ቤንት አገባብን። 2 ለ 2።

ወደ በዓላቱ ልመለስ። በገና ዕለት ማልያዬን ለብሼ እንደተቀመጥኩ እናቴ ደረቴ ላይ ያለውን አርማ አፍጥጣ አየችውና «ይሄ ቀንድ ያለው ምንድን ነው?» አለች። የባለቤቴ ወንድም ለመመለስ ቸኮለ። «ሰይጣን ነው እማማ፤ የክለባቸው ስም ቀያይ ሰይጣኖች ነው» አላት። «በጌታ ልደት ቀን!» ብላ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። የሰንደርላንድ ጨዋታ ከምሽቱ አራት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ሲጀምር እኔ ከነማልያዬ የተረገምኩ ሆኜ ነበር የቀረብኩት። የመልሱ ጨዋታማ አይነሳ። ፍፁም ቅጣት ምት ደረሰና ሁለቱ ቡድኖች ከመቷቸው 10 ኳሶች የገቡት 3 ብቻ ናቸው፤ ከሦስቱ የእኛ አንድ ነበረች።

ጥምቀት ላይ ማልያውን ደብቄ ዋልኩ። ከጃንሜዳ ተመልሰን ገና ጫማችንን ሳናወልቅ ጨዋታው ተጀመረ። ሦስቱንም የቼልሲ ጎሎች ሳሙኤል ኤቶ አገባ። «ጋሼ፣ ያገባው እኮ አፍሪካዊ ወንድማችን ነው፤ ደስ ሊልዎት ይገባል» አለኝ ያ ልጅ።

ሁዳዴ በሰኞ ገባ፤ በማግስቱ ኦሎምፒያኮስ ግሪክ ላይ 2 ለ 0 አሸነፈን። ሊቨርፑል መጥቶ 3 ለ 0፣ ሲቲ መጥቶ 3 ለ 0። ሲቲ የመጀመሪያውን ለማስቆጠር 43 ሰከንድ ነው የፈጀበት። ደጋፊዎች ገንዘብ አዋጥተው «የተሳሳተው ሰው፣ ሞይስ ይውጣ» የሚል ጨርቅ የሚጎትት አውሮፕላን ኦልድትራፎርድ ላይ አስበረሩ። የሚገርመው በዚያ ቀን አስቶን ቪላን 4 ለ 1 አሸነፍን። ክለቡ አውሮፕላኑን በየሳምንቱ መከራየት ነበረበት እላለሁ።

ፋሲካ ደረሰ። ሞይስ ኤቨርተንን ከለቀቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በተጋጣሚነት ወደ ጉዲሰን ፓርክ ሄደ። እናቴ ኳስ አታይም፤ ሰው ነው የምታየው። ሞይስን ካየችበት ቀን ጀምሮ «ይሄ ሰውዬ የሚመክረው ዘመድ የለውም?» እያለች ትጨነቅለታለች። ዓይኑ ፈጦ፣ ግንባሩ ተሸብሽቦ ካሜራው ሲያቀርበው ከንፈሯን ትመጣለች። በዚያን ቀን ከኋላው ካሉት ተመልካቾች መሐል ጥቁር ካባ ለብሶ፣ ፊቱን ሸፍኖ ረጅም ማጭድ የያዘ ሰው ታየ። የኤቨርተን ደጋፊ መቀለዱ ነው።

«ያ ከኋላው ያለው ማነው?» አለች እናቴ።

«መልአከ ሞት ነው እማማ» አለ የባለቤቴ ወንድም፣ እጁን ታጥቦ እየተቀመጠ።

አማተበች። የመጀመሪያውን ጎል በፍፁም ቅጣት ምት ያገባው ሌይተን ቤንስ ነው፣ ያ በክረምቱ ሳይገዛ የቀረው። ሁለተኛውን ሚራላስ ደገመ። 55 ቀን ጾሜ የቆየሁለት ዶሮ ፊቴ ቀዘቀዘ። ማክሰኞ ጠዋት ሞይስ ተባረረ። ኤፕሪል 22 ነበር፤ ልክ ከዓመት በፊት በዚያው ቀን ነው ዩናይትድ በፈርጉሰን 20ኛ የሊግ ዋንጫውን ያረጋገጠው። ስድስት ዓመት የተባለው አሥር ወር አልሞላም። ለእናቴ ስነግራት አልደነቃትም። «እኔማ እሁድ አይቼዋለሁ፣ ከኋላው ቆሞ» አለች።

ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን በ64 ነጥብ 7ኛ ሆኖ ጨረሰ። አርሴናል ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ኤፍኤ ካፕን አነሳና የባለቤቴ ወንድም ሳይጠራ መጣ።

ፍርዴን ልስጥ። ሞይስ የወረሰው ያረጀ ቡድን ነው። በዚያው የውድድር ዓመት ፈርዲናንድ 35 ሞላው፣ ጊግስ 40፤ ባለቤቶቹ ግሌዘሮችም ዕድሳቱን ሲያዘገዩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ለነዚህ ጥፋቶች ሞይስን አልጠይቀውም። ለ81ዱ ኳስ ግን እጠይቀዋለሁ፤ የፈርጉሰንን ረዳቶች በአንድ ክረምት መሸኘቱም የራሱ ሥራ ነው። ከእሱ ወዲህ ቫን ሃል፣ ሞሪንሆ፣ ሶልሻየር፣ ራግኒክ፣ ቴን ሃግና አሞሪም ያንን ወንበር ሞከሩት። ዋንጫ ያነሱም አሉባቸው፤ የሊጉን ዋንጫ ግን እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ክረምት ድረስ አንዳቸውም አላነሱም። ሞይስ በበኩሉ በ2023 ከዌስትሃም ጋር የአውሮፓ ኮንፈረንስ ሊግን ወሰደ፤ በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ወደ ቀድሞ ቤቱ ወደ ኤቨርተን ተመለሰ። በዚያው ዓመት ሊጉ ሲያልቅ ሰንጠረዡ እንዲህ ይል ነበር፦ ኤቨርተን በ48 ነጥብ 13ኛ፣ ማንቸስተር ዩናይትድ በ42 ነጥብ 15ኛ።